አድዋ ሻገተብኝ

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አድዋ ሻገተብኝ።

ቀልዴን አይደለም። ስምንት ወር የደከምኩበት አድዋ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ኮምፔርሳቶ ላይ ጋራውን በፎም፣ ገደሉን በጀሶ፣ አፈሩን በቡና አተላ ሠርቼ፣ መቶ አርባ ምናምን ወታደር ደርድሬበት፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከአልጋዬ ራስጌ አስቀምጬው ነበር። ለአስር ቀን ለሥራ ወጣ ብዬ ስመለስ ገና በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ላስቲኩን ገለጥ ሳደርገው ሜዳው ሁሉ ነጭ ጸጉር አብቅሏል። ፈረሱም ሰውም እስከ ጉልበቱ ሻጋታ ውስጥ ቆሟል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «በረዶ ነው ብዬ ናፖሊዮን ከሞስኮ ሲመለስ ላድርገው ይሆን?» የሚል ነበር። ሳቄ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ በጣም ተናደድኩ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ጅማ ለሚኖር ሰው የቡና አተላ ከደጅ አፈር በላይ በእጁ ያለ ነገር ነው። እናቴ በቀን ሁለቴ ታፈላለች። በረካው ካለቀ በኋላ ጀበናዋን ስታጥብ አተላውን በቆርቆሮ ታጠራቅምልኛለች። ሲደርቅ ደቃቅ ነው፣ ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ኮላ ላይ ሲበተን እውነተኛ አፈር ይመስላል። ግን በደንብ መድረቅ አለበት። እኔ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አሰጣሁትና «በቃ» አልኩ። የጅማ ክረምት ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኮት የሚያሻግት ክረምት ነው። አሁን ምጣድ ላይ አምሼ፣ ጥቂት በረኪና ነክቼ፣ እንደገና አደርቀዋለሁ። ትምህርቱን ያገኘሁት አንድ ሙሉ ጦርነት ከስሬ ነው።

ይሄን ሥራ ዲዮራማ ይሉታል። ቃሉ መጀመሪያ የወጣው ለሌላ ነገር ነበር። ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ፣ በኋላ በፎቶግራፍ የታወቀው፣ እ.አ.አ. በ1822 ፓሪስ ውስጥ በትልቅ ሸራ ላይ በተሳለ ሥዕልና በብርሃን ጨዋታ ለሚያሳየው ትርኢት ያወጣው ስም ነው። ዛሬ ቃሉ በትንሹ የተሠራን ትዕይንት ለማለት ነው የሚያገለግለው። መሬት አለው፣ ሰው አለው፣ አንድ የሚሆን ነገር አለው። ሐሳቡ ግን ከቃሉ በጣም ይቀድማል። ካይሮ ሙዚየም ውስጥ መሰህቲ ከተባለ የግብፅ ሹም መቃብር የወጡ ከእንጨት የተቀረጹ ወታደሮች አሉ። 40 ግብፃውያን ጦር ይዘው፣ 40 ኑብያውያን ቀስት ይዘው፣ በአራት በአራት ተሰልፈው ይራመዳሉ። ዕድሜያቸው ወደ 4000 ዓመት ነው። ሰፈሬ ውስጥ «ትልቅ ሰው ሆነህ በአሻንጉሊት ትጫወታለህ እንዴ?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ እነሱን ነው የምጠቅሰው።

እኔ የምሠራው በ1 ለ72 ነው። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት የቡና ፍሬ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ያንን ያህላል። ጅማ ውስጥ ለዚህ ሥራ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ የለም፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ከሌላ ነገር ነው የሚመጣው። ፎሙ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ነው። የሰውየው አጥንት ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ መዳብ ነው። ሥጋው የቧንቧ ሠራተኞች ሁለት ዓይነት ሊጥ አንድ ላይ አሽተው ቀዳዳ የሚደፍኑበት ማጣበቂያ ነው። ጋሻው የሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ በ72 ሲባዛ 57 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ ልክ የጋሻ መጠን። ይሄን ያገኘሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁሉም ግን እንዲህ አይገጥምም። በመጀመሪያው ዓመት ጦሩን በስቴኪኒ ሠራሁት። ስቴኪኒ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። አባዙት። 14 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይመጣል። ያ ጦር አይደለም፣ የቤት ምሰሶ ነው። ምስኪኖቹ ወታደሮቼ አንድ ዓመት ሙሉ ምሰሶ ተሸክመው ሲሮጡ ኖሩ። አሁን ጦሩን ከመጥረጊያ ጭራ ነው የማወጣው።

ሒሳቡ ሌላም ነገር ያስተምራል። አንድ ኪሎ ሜትር በ72 ሲካፈል 14 ሜትር ይሆናል። ከሜዳው 300 ሜትር የሚነሳ ጋራ ቁመቱ ከ4 ሜትር በላይ ነው፣ ጣሪያዬን ቀዶ ይወጣል። የኔ ኮምፔርሳቶ ደግሞ በእውነተኛው መሬት 58 ሜትር በ43 ሜትር ብቻ ነው። የኳስ ሜዳ ሲሶ ማለት ነው። እኔ እዚያ ላይ የነበረኝ ዕቅድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን በሙሉ ማስፈር ነበር። ከጣሊያኖቹ ጄኔራሎች አልበርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ጋራ ተሳስቶ ከሌሎቹ ተነጥሎ ሲገባ፣ አሪሞንዲ ራዕዮ ላይ፣ ዳቦርሚዳ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ሲነጠል፣ ዋና አዛዣቸው ባራቲዬሪ ሲሸሽ፣ በዚህ በኩል ደግሞ ምኒልክ፣ ጣይቱ፣ ራስ መኮንን፣ ራስ አሉላ። ሁሉንም በኳስ ሜዳ ሲሶ ላይ!

እንዲያም ሆኖ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሲመጣ ላስቲኩን ገልጬ አሳያለሁ። አንድ ቀን አድዋ ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባዬ ቤት መጣ። ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው። ዞሮ ከዚያ ማዶ አየው። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ «ቆንጆ ነው። ግን ይሄ ጅማ ነው» አለኝ።

እንዴት አልኩት። «አረንጓዴው» አለ። «የካቲት ላይ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሣር የለም። ድንጋይ ነው የምታየው። ሣሩም ደርቆ ቢጫ ነው። አፈሩም እንዲህ አይጠቁርም።»

ልክ ነበር። እኔ አድዋን ስሠራ በመስኮቴ የማየውን ነበር የሠራሁት። አተላውም ጥቁር፣ ከሾላ ዛፍ ላይ የለቀምኩት ሽበትም አረንጓዴ። ሳላውቀው የጅማን ዝናብ አድዋ ላይ አዝንቤበታለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሲሻግት ብዙም አልገረመኝም ማለት እችላለሁ። ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል።

ስለ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ላውራችሁ። ዊልያም ሳይቦርን ይባላል። እ.አ.አ. በ1830፣ ናፖሊዮን መጨረሻ የተሸነፈበትን የዋተርሎን ጦርነት በትንሹ እንዲሠራ ታዘዘ። ሰውየው ቀልድ አያውቅም። ጦር ሜዳው ላይ ባለው ላ ኤ ሳንት በተባለው የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ስንዝር በስንዝር ለካ። ከዚያ ከጦርነቱ ለተረፉት መኮንኖች ደብዳቤ ጻፈላቸው። ያን ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በኛ አቆጣጠር፣ የት ነበርክ? ከፊትህ ማን ነበር? ማሳው ላይ የነበረው እህል ምን ዓይነት ነበር? መልሱ በመቶዎች መጣለት። መንግሥት ገንዘቡን መሃል ላይ ሲያቋርጥበት ከራሱ ኪስ ጨረሰው። በ1838 ለንደን ላይ ሲታይ ከ70 ሺህ በላይ ትንንሽ ወታደሮች ነበሩበት። ዛሬም ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ አለ።

ችግሩ ፕሩሲያውያን ናቸው፣ ከእንግሊዞቹ ጎን ሆነው ናፖሊዮንን የወጉት ጀርመኖች። ሳይቦርን መልሶቹን አገናዝቦ ፕሩሲያውያን በዚያች ሰዓት ብዙ ሆነው ደርሰው ነበር ብሎ አሰፈራቸው። ድሉን የራሱ አድርጎ የሚቆጥረው የእንግሊዞቹ አዛዥ ዌሊንግተን አልወደደውም። መጨረሻ ላይ ሳይቦርን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ፕሩሲያውያንን ነቅሎ አወጣ። ይሄ ሁሌ ያናድደኛል። ስምንት ወር መሬት የለካ ሰው፣ በመቶዎች ደብዳቤ ያነበበ ሰው፣ ለአንድ ትልቅ ሰው ቁጣ ሲል የሠራውን ሲነቅል! ግን ገንዘብ አልቆበት ነበር፣ ደጋፊ ያስፈልገው ነበር። ወጪውንም እስከ ዕለተ ሞቱ አላገኘውም። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። አድዋዬን ይዤ ለአንድ ትምህርት ቤት በዓል በባጃጅ ስሄድ ኮብልስቶኑ ላይ ሃያ ሁለት ሰው ሲረግፍብኝ፣ አዘጋጆቹ እንዳያዩብኝ ጣሊያኖቹን ከኋላ ነቅዬ ከፊት ያሉትን ክፍት ቦታዎች የሞላሁ ሰው ነኝ። ልብሳቸውን በነጭ ቀለም ለውጬ። እና ሳይቦርን ላይ መፍረድ ይከብደኛል።

ከዚያ ያስገረመኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ሌላ ሞዴል ሠራ። ይሄኛው ሰፋ ባለ ልኬት ነው፣ ግን የጦርነቱን አንድ ክፍል ብቻ፣ የፈረሰኞቹን ጥቃት ነው የያዘው። ሁሉንም ለማሳየት ሞክሮ የተጎዳ ሰው ወደ ትንሽ ቦታ ዞረ።

እኔን ወደ ትንሽ ቦታ ያዞረችኝ እናቴ ናት። ሻጋታውን በጥርስ ብሩሽ ስጠርግ ቡና ይዛልኝ ገባች። ስኒውን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ አየች።

«ስንት ናቸው?»

«መቶ አርባ ስምንት።»

«ማን ነው የሚያበላቸው?»

ዝም አልኩ። «ሁሉም ይሮጣል» አለች። «አንድ እሳት የሚያነድ የለም። አንድ ውሃ የሚቀዳ የለም። ሳይበሉ ነው እንዴ የሚዋጉት ልጄ?»

ወጣች። እኔ ብሩሹን ይዤ ቀረሁ። ነገሩ የማውቀው ነገር ነው። የምኒልክ ጦር ሠራዊት ብቻ አልነበረም፣ የሚንቀሳቀስ ከተማ ነበር። በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን የሚጭን በቅሎ፣ የሚፈጭ፣ የሚጋግር፣ የሚቀዳ ሰው አብሮ ነበር። ሴቶቹ ከኋላ ሳይሆን እዚያው ነበሩ። ማንበብ አንብቤዋለሁ። እጄ ግን አልሠራውም። መቶ አርባ ስምንት ሰው ሠርቼ አንድም እንስራ አልሠራሁም።

ስለዚህ አድዋን ትቼ ሁለት ወር ገደማ ወደ ኋላ ሄድኩ። ወደ መቀሌ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጣሊያናዊው ማጆር ጋሊያኖ እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽግ ሠርቶ ከሺህ በላይ ወታደር ይዞ ገባ። በቀጥታ ማጥቃቱ ሰው እየበላ ሲመጣ እቴጌ ጣይቱ ውሃውን እንያዝ አሉ። ምንጩ ከምሽጉ ውጭ ነበር። ተያዘ። ጥር 1888 ላይ ጋሊያኖ በውሃ ጥም ተሸንፎ ምሽጉን ለቀቀ፣ ምኒልክም መሣሪያቸውን ይዘው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። ጋሊያኖ ብዙም አልቆየ፣ አድዋ ላይ ሞተ።

የምሠራው ምንጩን ብቻ ነው። ምሽጉ የለም። ጣሊያን የለም። ሰሌዳው ከአንድ የትምህርት ቤት ደብተር ብዙም አይበልጥም። ድንጋይ፣ ቢጫ ሣር ከጤፍ ጭድ፣ አንድ በቅሎ፣ ሰባት ሰው። በርካታ ጓደኞቼ «ይሄ ምኑ ጦርነት ነው?» ብለውኛል። ለኔ ከሠራሁት ሁሉ ጦርነት የሆነው ይሄ ነው።

ውሃ በትንሹ ሲሠራ ከሁሉ ይከብዳል። ሰው ያንሳል፣ ቤት ያንሳል፣ ውሃ ግን አያንስም። ጠብታ ውሃ ሁልጊዜ ጠብታ ነው፣ ኩሬ አይመስልም። ስለዚህ እውነተኛ ውሃ አይሠራም። እኔ ጥርት ያለ የጥፍር ቀለም ነው የምጠቀመው። ታቹን ጥቁር ቡና ቀለም እቀባለሁ፣ ጥልቅ እንዲመስል። ዳሩን ቢጫ አፈር አስመስላለሁ። ከዚያ ስስ ሽፋን፣ አንድ ቀን መጠበቅ፣ ስስ ሽፋን፣ አንድ ቀን መጠበቅ። አንዴ ቸኩዬ ወፍራም አድርጌ አፈሰስኩት። አረፋ ያዘና ምንጩ አምቦ ውሃ ሆነ። እንደገና ፈለፈልኩት። አሁን አስራ አንደኛ ሽፋን ላይ ነኝ፣ ጠጠሩ ከሥር ይታያል።

ነጭ ልብስም እንዲሁ ነው። ሠራዊቱ ኩታና ጋቢ ለብሷል፣ ስለዚህ ነጭ ቀለም እቀባለሁ ብላችሁ ታስባላችሁ። ንጹሕ ነጭ በ24 ሚሊ ሜትር ሰው ላይ ሲቀባ ኖራ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ሻይ የነካው ወረቀት የሚመስል ቀለም ነው የሚቀባው። ከዚያ እጥፋቱ ውስጥ ቀጠን ያለ ግራጫ፣ ጫፉ ላይ አፈር። ነጩ መጨረሻ ላይ፣ ትከሻና ጉልበት ላይ ብቻ፣ የደረቀ ብሩሽ ነካ አድርጎ ማለፍ ነው። ጥለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ1 ሚሊ ሜትር ተኩል ያነሰ ቦታ ነው የሚያገኘው። እዚያ ውስጥ ሦስት ቀለም አይገባም። አንድ ቀይ መስመር ይበቃል፣ የሚያይ ሰው ራሱ ይሞላዋል። ዓይን ደግሞ ጭራሽ አይሳልም። በድሮዎቹ የአድዋ ሥዕሎች ወገን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ጠላት በአንድ ዓይን በጎኑ ይሳላል። በ1 ለ72 ግን ወዳጅም ጠላትም ዓይን የለውም። ቅንድቡ ሥር ትንሽ ጥላ ነው ያለው። አጎንብሶ ከሆነ ደከመው ትላላችሁ፣ ቀና ካለ ፈራ ትላላችሁ። ሁሉንም የሚናገረው አንገቱ ነው።

በቅሎውን ያረመልኝ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ የጅማ ወንበር የሚጠርቡ ጋሼ ናቸው። ከአንድ ግንድ ሦስት እግር ያለው ወንበር ሲያወጡ ቆሜ ማየት እወዳለሁ። አንድ ቀን በቅሎዬን በክብሪት ቤት ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። መዳፋቸው ላይ አዙረው አዩት። «ይሄ በቅሎ ታሟል ወይስ ደንግጧል?» አሉኝ። ለምን ጋሼ? «አራቱንም እግር እንዲህ ገትሮ የሚቆም በቅሎ የለም። የቆመ በቅሎ አንዱን የኋላ እግር ያሳርፋል። ጭነት አውርዶ ውሃ የጠጣ በቅሎማ ዳሌው ወደ አንድ ጎን ይወድቃል።» የመዳቡን እግር በጥፍራቸው እጥፍ አደረጉት። በቃ። በቅሎው ውሃ ጠጣ።

በመንገዴ ላይ ሌላም ሐሳብ ይዞኛል። ጅማን ጣሊያኖች የደቡብ ምዕራቡን ግዛታቸውን የሚያስተዳድሩባት ከተማ አድርገዋት ነበር፣ ዛሬም ፈረንጅ አራዳ በኩል ስታልፉ የዚያ ዘመን ቤቶች ታያላችሁ። ሰኔ 1933 ከተማዋ ከእጃቸው ወጣች። ጄኔራል ጋዜራ የተረፈውን ጦር ይዞ ወደ ምዕራብ ሸሸ። ሰኔ 26 ቀን ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምትባለው ሳዮ እጁን የሰጠው ለቤልጂክ ኮንጎ ጦር ነው። ከኮንጎ ድረስ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች፣ ወለጋ ደጋ ላይ፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ። ይሄን በትንሹ የሠራ ሰው አይቼ አላውቅም። እዚያ ላይ አረንጓዴዬም ጥቁር አፈሬም ልክ ይሆናሉ። ሻጋታውም ቢሆን። ግን መጀመሪያ ምንጩን ልጨርስ።

ትናንት ማታ ሰባተኛዋን ሰው ቦታዋ ላይ አጣበቅኩ። ሴት ናት። እንስራ አዝላ ከምንጩ ወደ ሰፈሩ ትመለሳለች። እንስራው 7 ሚሊ ሜትር ነው፣ አፉ ላይ ቅጠል ሳይቀር አድርጌበታለሁ፣ እንዳይፈስ። ገመዱ የክር ፈትል ነው። ኩራቴን መደበቅ አልቻልኩምና እናቴን ጠራኋት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። መብራቱን አስጠጋሁላት። በቅሎውን አየች፣ ሳቀች። በቅል የሚጠጣውን ልጅ አየች። ውሃውን በጣቷ ልትነካ ብላ ተወችው።

«ጠላት የታለ?» አለች።

«ከሰሌዳው ውጭ ነው። እዚያ፣ ወደ አልጋው በኩል።»

ወደ አልጋው ዞር ብላ አየች። «ጠምቶታላ» አለች። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ተመለሰች። ቆየች።

«ይቺ ግን ባዶ እንስራ ነው ያዘለችው።»

«ኧረ ሙሉ ነው። ከምንጩ እኮ ነው የምትመጣው።»

«ሙሉ እንስራ ያዘለ ሰው እንዲህ ቀና ብሎ አይሄድም። እኔ አንተ እስክትወለድ ድረስ ውሃ ቀድቻለሁ።» እዚያው ቆማ አሳየችኝ። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ገመድ እንደያዘ አድርጋ፣ ከወገቧ ሰብራ፣ ጉልበቷን ትንሽ አጥፋ፣ ዓይኗን ከፊቷ ሁለት እርምጃ ላይ ተክላ። ስድሳ ዓመት ያለፋት እናቴ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ባዶ ጀርባዋ ላይ ሃያ ሊትር ተሸክማ ሦስት እርምጃ ሄደች።

ኮላው ገና አልደረቀም ነበር። ምላጬን አነሳሁ።